ዛሬ ፊቱ እንዴት ነው?

ሀና ማርያም በ2000 ዓ.ም አካባቢ የአዲስ አበባ ጫፍ ነበረች። ከሃይሌ ጋርመንት አልፎ የሚመጣው መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃ ብቻ ይሆን ነበር። የመሥሪያ ቤታችን የጥበቃ ክፍል ሐምሌና ነሐሴ በቦቲ ይሞላ ነበር፤ ሠራተኛው ጭቃውን በቦቲ አቋርጦ ይመጣና በፌስታል የያዘውን ጫማ ቀይሮ ይገባል። ከአጥሩ ማዶ የጤፍ ማሳ ነበር። ወር በገባ በ21 ደግሞ ነጠላ የለበሰው ምእመን ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ መንገዱ ይሞላል፤ ሾፌሮቻችን ይህን ስለሚያውቁ ዕቃ ጭነው የሚወጡት ቅዳሴው ሳያልቅ ነበር።

ድርጅቱ የቤትና የቢሮ ዕቃ ያመርታል። ምድር ላይ የእንጨት ሥራው፣ ብየዳው፣ የቀለም ክፍሉና ሶፋ የሚለብስበት አዳራሽ ነው፤ ከላይ በኮምፔንሳቶ የተከፋፈሉ ቢሮዎች አሉ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጋር ስለሚዋሰን እዚያ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ከዚያ ዘመን በጆሮዬ የቀረው ግን የእሳቸው ድምፅ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ጸሐፊዋን ጠጋ ብለን የምንጠይቃት ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ ፊቱ እንዴት ነው?» ፊት ለፊት «እርስዎ» የምንላቸው ሰው፣ በሌሉበት «እሱ» ነበሩ።

ጸሐፊዋ «ደህና ነው፣ ግቡ» ካለች የዓመት ፈቃድ የሚፈልገውም፣ የደሞዝ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቀውም በሩ ላይ ይሰለፋል። «ዛሬስ ይቅርባችሁ» ካለች ሁሉም ማመልከቻውን አጥፎ ወደ ኪሱ ይመልሳል። ኪስ ውስጥ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ሰንብቶ፣ ከመታየቱ በፊት በማጠፊያው የተቀደደ ማመልከቻ አውቃለሁ።

የሰው ፊት ማንበብ ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ደጅ ጥናት በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ደጃፍ ብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ነው፤ ሹመት የፈለገ ወይም የተነጠቀውን ርስት የሚያስመልስ ሰው ጌታው በጎ ፊት የሚያሳይበትን ቀን እየጠበቀ ወራትና ዓመታት ይቆያል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉት አበው፣ ደጅ የጠና ሁሉ እንደማይሾም አይተው ይመስለኛል። ጊዜው ሲደርስ አፍ መከፈት አለበት። እኛ በዚያ የኮምፔንሳቶ ቢሮ ውስጥ ከዚህ ሁሉ ጥናቱን ወርሰን ንግግሩን ትተን ነበር።

በቅርብ አብረውኝ የሚሠሩት አራት ሰዎች ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ነገር የሚረዝምባቸው ሰው ናቸው። ቆመው ይሰማሉ፣ ቆመው ይፈርማሉ። የቤተሰባቸውን ደህንነት መጠየቅ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ «እሺ፣ ጉዳዩስ?» ይሉታል። ብዙዎቻችን ይህን ከንቀት እንቆጥረው ነበር። እያደር ያየሁት ግን፣ የሚያናድዳቸው ጥያቄው ከሰላምታው ሥር ሲደበቅ መሆኑን ነው። የመጣበትን ቀድሞ የተናገረ ሰው «አይሆንም» ቢባል እንኳ ተከብሮ ነበር የሚወጣው።

የመጋዘን ኃላፊውን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርተዋል። የድርጅታችን የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ የራሱ ስም ቢኖረውም እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ «ሞዴል 19» ነበር የሚሉት፤ ዕቃ የሚወጣበትን ደግሞ «ሞዴል 22»። ወረቀት ደጋግመው ሳያነቡ አይፈርሙም። «ጋሼ፣ ቶሎ ይፈርሙልኝ» ያለ ሰው የዚያን ቀን ፊርማ አያገኝም። አስቀምጦላቸው የሄደ ግን በማግሥቱ ተፈርሞ፣ ከዳር በእርሳስ የድምር ስህተቱም ታርሞ ያገኘዋል።

ገንዘብ ያዧ እትዬ የቢሮው ዕቁብ ጸሐፊ ናት፤ የታመመ የሚጠየቀው፣ ለወለደች የሚዋጣው በእሷ አስተባባሪነት ነው። ለሁሉም ሰው «እሺ» ትላለች። «እሺ» ብላ ቀናት አልፈው ምንም ካልተደረገ አልተስማማችም ማለት ነው። ሰው መሐል ጥያቄ ሲቀርብላት ትሸማቀቃለች፤ ቡና ላይ ለብቻዋ የጠየቃት ግን ያሰበችውን አንድም ሳታስቀር ትነግረዋለች።

የሽያጭ ሠራተኛው የቢሮው ሳቅ ነበር። ደንበኛውን «ቅዳሜ ይደርስልዎታል» ብሎ ከሸኘ በኋላ ነው አናጢውን የሚጠይቀው። የተቆጣውን ሰው አስቆ ይመልሳል። በቃል የተስማማውን ነገር ግን ወረቀት ላይ ካላሰፈረው በማግሥቱ አያስታውሰውም። በስብሰባ ላይ ሥራው ከተመሰገነ ደግሞ ለዚያ ሳምንት እምቢ የሚለው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር፤ የምንጠቀምበት ግን ለሐሜትና ለሽሽት ነው። ሥራ አስኪያጁ አይሰሙም ብለን አንጠይቅም። ጋሼ ያስቸግራሉ ብለን ወረቀቱን በሌላ በኩል እናዞራለን። እትዬ ታዝናለች ብለን እውነቱን አንነግራትም። ልጁ ቀልደኛ ነው ብለን የሰጠውን ቀጠሮ እኛ እያመሸን እናደርስለታለን። «ጎመን በጤና» የቢሮአችን ያልተጻፈ መመሪያ ነበር።

የጠየቅን ጊዜም በሽፋን ነው። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራው ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ በሰምና ወርቅ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገርን ሸፍኖ መናገር ከቅኔው አልፎ የዕለት ኑሮአችን እንደሆነ አይቷል። እኔም ደሞዝ እንዲጨመርልኝ ስፈልግ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ አወራ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ሰሙን ብቻ ሰምተው «አይዞሽ፣ ይሻሻላል» ይሉኛል። ወርቁ እኔው ዘንድ ይቀራል።

አንድ ዓመት ድርጅቱ ለቢሮ ሠራተኞች ሥልጠና አዘጋጀ። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ መስቀለኛ መስመር አሰመረና አራት ክፍል ሠራ። አንዱ መስመር ሰው ሐሳቡን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያቀርብ፣ ሌላው ስሜቱን ምን ያህል እንደሚያሳይ የሚለካ ነው። ይህን መለኪያ ዴቪድ ሜሪልና ሮጀር ሪድ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፋፍተውታል። ከእነሱ በፊትም ዊልያም ማርስተን እ.ኤ.አ. በ1928 የሰውን ጠባይ በአራት ከፍሎ ጽፏል። አራቱ ክፍሎች ሲሞሉ ሁላችንም መሳቅ ጀመርን። ፈጥኖ ወሳኙ፣ መርማሪው፣ ሰላም ወዳዱና ተጫዋቹ አብረውን ተቀምጠው ነበር።

ጋሼ ግን አልሳቁም። «ይሄማ የቆየ ነው፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት» አሉ። የአራቱን ባሕርያት ትምህርት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የዐውደ ነገሥት ሰዎችም ኮከብን በእነዚሁ በአራቱ ይመድባሉ። ቀጥለው የተናገሩትን አሠልጣኙ ልብ ያለው አልመሰለኝም። «ግን በእኛ ትምህርት» አሉ፣ «አራቱም ባሕርያት በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ናቸው። አንዱ ቢበረታ ሌሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም።»

በዚያው ሥልጠና ስለ ንግግር መንገዶችም ሰማን። ሮበርት አልበርቲና ማይክል ኤመንስ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ባስተማሩት መሠረት ሰው የሚፈልገውን ወይ ይውጠዋል፣ ወይ በሌላው ላይ ይጮኽበታል፣ ወይ ሌላውን ሳይነካ በግልጽ ይናገረዋል። እኔ በሦስተኛው ብዙም አላመንኩም ነበር። ባደግሁበት ቤት መዋጡ ጨዋነት፣ መጮኹ ድፍረት ይባላል፤ ለሦስተኛው ስም አልተሰጠውም።

ይህን ሦስተኛውን መንገድ የሞከርኩት በ2005 ዓ.ም ሰኔ ነው። ሂሳብ ክፍል የሠራ ሰው ሰኔን ያውቃታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ንብረት ይቆጠራል፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ ይታረቃል፣ ያልተወራረደ ሁሉ ይወራረዳል። የዚያን ሰኔ ማታ ማታ እያመሸን፣ እሑድም ለቆጠራ እየገባን ሠራን። ባለፉት ዓመታት ሁሉ ይህ ሥራ በምሳ ግብዣና በ«እናመሰግናለን» ይዘጋ ነበር። የደሞዝ መክፈያውን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ለአናጢዎቹና ለበያጆቹ የትርፍ ሰዓት ሳሰላ የራሳችንን ዓምድ ባዶ አድርጌ አልፋለሁ።

ሕጉ ባዶ አላለም። በጊዜው ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን 2፣ በወር 20፣ በዓመት 100 ሰዓት ወስኖታል። ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከመደበኛው አንድ ከሩብ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት አንድ ተኩል፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ይህን ለሌላው ሰው በየወሩ አሰላዋለሁ።

የዚያን ጊዜ ስለ ሰዎቹ የማውቀውን ሁሉ ለመጠየቅ ተጠቀምኩበት። መጀመሪያ ወደ ጋሼ ሄድኩ። የመጋዘኑ ቁልፍ የገባበትና የወጣበት ሰዓት በእሳቸው መዝገብ ላይ ስላለ የእኛን ማምሻ የሚያረጋግጠው ያ ነው። ያዘጋጀሁትን ዝርዝር አስቀመጥኩላቸውና «ጋሼ፣ ሲመችዎት ይዩት» ብዬ ወጣሁ። ከቀናት በኋላ አንድ ምሽት ግማሽ ሰዓት አብዝቼ መጻፌን አርመው ፈረሙበት። ያቺ የእርሳስ እርማት በኋላ ከማንኛውም ክርክር በላይ ጠቀመችን፤ ዝርዝሩ በጥንቃቄ መታየቱን የምትመሰክር እሷ ነበረች።

እትዬን ቡና ላይ ለብቻዋ አገኘኋት። ስምሽን ላስገባ ወይስ ልተወው አልኳት። ቡናዋን ጨርሳ ስኒውን ካስቀመጠች በኋላ «እኔ ነገር አልወድም» አለች፤ ቆየት ብላ «ግን እሑድ እሑድ ልጆቼን ጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁት፣ አስገቢኝ» አለች። የሽያጩን ልጅ መጨረሻ ላይ ነገርኩት። ቀደም ብሎ ቢሰማ ኖሮ ነገሩ እስከ ጥበቃው ድረስ ተወርቶ ሥራ አስኪያጁ ከእኛ ሳይሆን ከወሬ ይሰሙት ነበር። የሠራበትን ሰዓት በራሱ እጅ ጽፎ እንዲፈርም አደረግሁት።

ከዚያ ጸሐፊዋን ምንም ሳልጠይቅ ገባሁ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ቆመው ነበር፤ እኔም አልተቀመጥኩም።

«ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል» አልኩ። «በሰኔ ያመሸንበት ሰዓት ይኸው፤ ሕጉ የሚያዘው ክፍያ ይኸው፤ ድምሩ ከታች አለ። ከዚህ ወር ደሞዝ ጋር እንዲከፈለን እጠይቃለሁ።»

«ሌቦች ናችሁ ነው የምትይን?»

«አላልኩም። ተሠርቶ ያልተከፈለ ሥራ አለ ነው ያልኩት።»

ዝም አሉ። ይህን ዝምታ ድሮ የምሞላው በይቅርታ ነበር፤ ያን ዕለት እንዳለ ተውኩት። ወረቀቱን አንስተው ድምሩን አዩ። «የሥራ ቀኑ ይሁን፣ እሑዱን ግን በፈቃዳችሁ ነው የመጣችሁት» አሉ። የእሑዱ ቆጠራ በእሳቸው ፊርማ የወጣ ፕሮግራም ነበረው፤ ጋሼ ከነቁጥሩ ቦክስ ፋይል ውስጥ አኑረውታል። በማግሥቱ ያንን አያይዤ ተመለስኩ። አነበቡት፣ ፈገግ አሉ፣ ፈረሙበት። የሥራ ቀኑ በዚያው ወር፣ የእሑዱ በሚቀጥለው ወር ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ቂም ይይዙብኛል ብዬ የጠበቅኋቸው ሰው ከበፊቱ ይልቅ ያማክሩኝ ጀመር። ጠብ ተፈርቶ ለዓመታት ሳይጠየቅ የቆየው ነገር ሲጠየቅ ጠብ አላመጣም።

ሁሉም ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ጠይቆ የተባረረ ሰው አውቃለሁ። በእኔ ቦታ የረዳኝ መዝገብ መኖሩ፣ ሕግ መኖሩና ብቻዬን አለመሆኔ ነው። እኔ የተናገርኩት ቃል አጭር ነበር፤ ያቆመው ግን የሦስት ሰዎች ድጋፍ ነው።

በጋሼ «አራቱም በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ናቸው» የሚል ቃል በሙሉ ልቤ ያመንኩት በ2008 ዓ.ም ነው። የዚያን ዓመት ሰኔ ላይ በሀና ማርያምና በፉሪ ዙሪያ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ፈረሱ። ክረምት ገብቷል። ከቀለም ክፍልና ከብየዳ ሠራተኞቻችን ውስጥ ቤታቸው የፈረሰባቸው ነበሩ፤ ቆርቆሯቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው መጠለያ ሲፈልጉ ከሥራ ቀሩ። የደሞዝ መክፈያው ሲዘጋጅ የቀሩበት ቀን እንዲቆረጥ ትእዛዝ መጣ።

ስለዚሁ በተቀመጥንበት ስብሰባ ላይ እኔ የሕጉን አንቀጽ እያሰላሰልኩ ሳለሁ እትዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰው መሐል ጥያቄ ሲቀርብላት የምትሸማቀቀው እትዬ ማለቴ ነው። ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም። «ይህን እኔ አልከፍልም» አለች። «ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ደሞዙን በእጄ ቆርጬ አልሰጥም። ከዓመት ፈቃዳቸው ይያዝላቸው።» ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቻላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት እንኳ 14 የሥራ ቀን ፈቃድ አላቸው» አልኩ። ተያዘላቸው።

አሠልጣኙ በሠራው ሠንጠረዥ እትዬ «ግጭት የምትሸሽ» በሚለው ክፍል ነበረች። ሠንጠረዡ ስለ ዘወትር ውሏ ትክክል ነው። ሰው ላይ ግፍ ሲሠራ ምን እንደምትሆን ግን አይነግርም። ከዚያ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼን ጠባይ እንደ መነሻ እወስደዋለሁ እንጂ ልካቸው ነው ብዬ አላምንም።

ሌላም ነገር ታይቶኛል። «ጠባዩ ነው፣ ተይው» የሚለው ምክር በመሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ሸፍኗል። የሚሳደብ አለቃ «ጠባዩ ነው»፤ ሴት ሠራተኛን በቃልና በእጅ የሚያስቸግር «ቀልደኛ ነው፣ ጠባዩ ነው»። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጾታዊ ትንኮሳን በሥራ ቦታ የተከለከለ ድርጊት ብሎ ተርጉሞ አስቀምጦታል፤ የደረሰባት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። ሕጉ ስለ አድራጊው ጠባይ አይጠይቅም። እኛም ልንጠይቅ አይገባም። ጠባይን መረዳት የሚጠቅመው ከሰው ጋር ለመሥራት ነው፤ ጥፋትን ለመሸከም ሲሆን ስሙ ሌላ ነው።

አሁን ለሥራ አዲስ የሆኑ ልጆች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይኸው ነው። አለቃችሁን አጥኑ፣ ባልደረባችሁን አጥኑ። ለቸኳዩ ከድምሩ ጀምሩለት፤ ለጠንቃቃው ማስረጃውን ሰጥታችሁ ጊዜ ስጡት፤ ለዝምተኛዋ ለብቻዋ ንገሯት፤ ለተጫዋቹ በጽሑፍ አስፍሩለት። የምትናገሩበት ሰዓትና ቦታ፣ ድምፃችሁም እንደ ሰዉ ይለዋወጥ። የምትጠይቁት ነገር ግን በማንም ፊት አይቀነስ። የሰው ጠባይ አጥንቶ የራሱን ድርሻ ያሳነሰ ሰው አስተዋይ አይባልም፤ የተማረው መፍራትን ነው።

የዛሬው አዋጅ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ከፍ አድርጎታል፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከዚያ በኋላ አንድ ከሦስት ሩብ ነው፤ ገደቡም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ሆኗል። ሕግ ግን በራሱ ሄዶ የደሞዝ መክፈያ ላይ አይጻፍም። ያመሻችሁበትን ሰዓት በዕለቱ መዝግቡ፣ የሚያረጋግጥላችሁን ሰው አስፈርሙ፣ ከዚያ ግቡና በግልጽ ጠይቁ።